በበጋ አልከፈት ያለው በር

እትዬ ችካል የምንላት የመሥሪያ ቤታችንን የመሬት ባለሙያ ነው። ተዳፋት ባየች ቁጥር ከመኪናው ኋላ ቀይ የተቀቡ ችካሎች አስወርዳ መሬት ላይ ካልተከለች እህል አይወርድላትም፤ ስሙ አንድ ጊዜ ተለጠፈባትና ቀረ። እኔ ሾፌሯ ነኝ። መንገዳችን ረጅም ነው፣ ሬዲዮው ተራራ ሥር ስንደርስ ይጠፋል፣ ሬዲዮ ሲጠፋ ደግሞ ሰው ያወራል። ይህን ታሪክ በቁርጥራጭ ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት። የመጨረሻውን ግን አብሬያት አይቼዋለሁ።

ያሳደጓት የእናቷ አባት ናቸው። እናትየው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ነበር፤ እሷ ስትገባ ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት፣ ልጅቷ ስትመጣ እሷ ተኝታለች። አባትየው ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ቀርቷል። ቤቱን የያዙት እንግዲህ ሽማግሌውና ልጅቷ ነበሩ።

ሽማግሌው አናጺ ናቸው፤ በርና መስኮት ይሠራሉ። ሰፈሩ ግን የሚጠራቸው «አባ እኔ እንጃ» እያለ ነው። ምን ቢጠየቁ መጀመሪያ ከአፋቸው የሚወጣው እሱ ነዋ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው አላውቅም ከሚል ጢሙን ቢነጭ ይመርጣል። እሳቸው «እኔ እንጃ» ይሉና «ማን ያውቅ ይሆን?» ብለው ቆባቸውን ያነሳሉ። ከዚያ ልጅቷን በእጃቸው ይዘው ይወጣሉ።

ሳሙና ለምን አረፋ ያወጣል ብላ ስትጠይቅ መድኃኒት ቤት ወሰዷት። ሬዲዮ ለምን ያንኮራፋል ስትል ሬዲዮ ጠጋኙ ጋ ሄደው የሬዲዮውን ሆድ አስከፈቱላት። አንድ ቀን ደግሞ ልብ ለምን «ዱብ ዱብ» ይላል አለች። ሥጋ ሻጩ የበሬ ልብ ለሁለት ሰንጥቆ አሳያቸው፤ ውስጡ በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈቱ ስስ መዝጊያዎች አሉት። ሽማግሌው በእርሳሳቸው ጫፍ ቀስ አድርገው እየነኩ፣ «ማጠፊያ የለው፣ ሚስማር የለው! ዕድሜ ልኬን በር ስገጥም ኖሬ እንዲህ ያለ ገጣሚ አላየሁም» አሉ። ሥጋ ሻጩ ሳቀ። ልጅቷ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ደረቷን ይዛ የልቧን በር ስታዳምጥ አደረች።

ማንበብ የጀመረችውም በዚያው ቤት ነው። የጭቃው ግድግዳ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ሽማግሌው ሲለጥፉ መነጽራቸውን አላደረጉም ነበርና ከአልጋዋ አጠገብ ያለው ገጽ ሁሉ ራሱን ዘቅዝቆ ነው የቀረው። እሷም ፊደል የለየችው ከዚያ ነው። ትምህርት ቤት የገባች ዕለት መጽሐፉን ገልብጣ ይዛ እንደ ውሃ ስታነበንበው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እያለቀሰች ቤት ገባች። አያትየው ነገሩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከዚያ አቅፈዋት «የኔ እመቤት፣ ተገልብጦ ያነበበ ተቃንቶ አያቅተውም» አሏት።

እናትየው አንዳንዴ ትቆጣ ነበር። «አባዬ፣ ልጅቷን ጠያቂ አደረግካት! ነገ ከሰው ጋር እንዴት ትኖራለች?»

«እኔ እንጃ» ይላሉ እሳቸው።

ሰፈራቸው ተዳፋት ላይ አንዱ በአንዱ ትከሻ እንደቆመ የተደረደረ ነው። ልጅቷ አራተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ከታች ያለውን መንገድ ለማስፋት የተራራው ግርጌ ይቆረጥ ጀመር። ከጠዋት እስከ ማታ ስካቫተሩ ይዝቃል፣ ገልባጮቹ ቀዩን አፈር ጭነው ይሄዳሉ። ሰፈርተኛው ደስ ብሎት ነበር። አስፋልት መጣ፣ ታክሲ ሊመጣ ነው፣ የቤት ዋጋ ሊንር ነው። ልጆች ቁልቁል እያዩ ለስካቫተሩ ያጨበጭቡለታል።

በጋው አጋማሽ ላይ የቤታቸው በር አልከፈት አለ።

ሽማግሌው በሩን ነቅለው አግዳሚ ላይ አጋደሙትና በመላጊያ ይልጉት ጀመር። ልጅቷ ፍቅፋቂውን እየለቀመች፣ «ምን ሆኖ ነው አባባ?» አለች።

«እንጨት ነዋ። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል።»

«አሁን እኮ በጋ ነው። ውሃውን ከየት ጠጣው?»

መላጊያው ቆመ። ሽማግሌው በሩን አዩት፣ ልጅቷን አዩአት፤ «እኔ እንጃ» አሉ። እሷ እንደምትለው፣ ያቺ ቃል በፊት ከአፋቸው ስትወጣ ለጉዞ የተነሳ ሰው ድምፅ ነበራት። ያን ቀን ግን እግሩ መሬት ያጣ ሰው ድምፅ ነበር።

ስኳድራቸውን አምጥተው የበሩን ማዕዘን ለኩ፤ ደህና ነው። መቃኑን ለኩ፤ ጠሟል። መቃኑን በገዛ እጃቸው ነው የገጠሙት፤ ሲገጥሙትም እንደ መስመር ቀጥ ያለ ነበር።

«እንጨቱ አላበጠም» አሉ ቀስ ብለው። «ቤቱ ነው የተንቀሳቀሰው።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ቀድሞ ያላስተዋሉትን ማየት ጀመሩ። ከአልጋዋ በላይ ያለው ጋዜጣ ከጣሪያ እስከ ወለል ተቀዷል። የአጥሩ ቋሚዎች ወደ ታች አዘንብለዋል። ከቤቱ በላይ ያለው ሜዳ ላይ፣ ሣሩ ውስጥ፣ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቷል፤ ልጅቷ ጠጠር ጣለችበትና ሲያርፍ አልሰማችም።

ማን ያውቅ ይሆን? ሄደው የሳይንስ አስተማሪዋን ጠየቁ። አስተማሪዋ ገና ከኮሌጅ የወጣች ወጣት ናት፤ አልሳቀችባቸውም። ቤታቸው ድረስ መጥታ ግድግዳውን አየችና ስንጥቁን አቋርጦ ቀጭን መስታወት በጀሶ አጣበቀች። «ስንጥቁ አሮጌ ከሆነ መስታወቱ ምንም አይሆንም። እየሰፋ ከሆነ ግን ይሰበራል» አለቻቸው።

ሰንበትበት ብሎ፣ ቁርስ ላይ ሳሉ፣ ከግድግዳው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰሙ። ሁለቱም ማኘክ አቆሙ። ዞሮ ያየ የለም፤ ማየት አላስፈለጋቸውም።

አስተማሪዋ ማዘጋጃ ቤት ይዛቸው ሄደች። መሐንዲስ ተላከ። መሐንዲሱ ስንጥቁን ተከትሎ ሽቅብ ወጣ፣ ቁልቁል ወረደ፤ ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር። ሰፈርተኛውን ሰብስቦ «ዝናብ ሳይገባ ልቀቁ» አለ። ወደዚህ ሂዱ የሚላቸው ቦታ ግን በእጁ አልነበረውም። መጠለያ ይዘጋጃል ተባለ። የመንገዱ ሥራ ይቁም ሲል ደግሞ አለቆቹ ቆይ አሉት። ስካቫተሩ በማግስቱም ይዝቅ ነበር።

ሰፈርተኛው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በተለይ ባለሱቋ። ባለሱቋ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ስለት የሆነ፣ ግን ለተቸገረ ዱቤ የማትከለክል ሴት ነበረች። ሱቋን ሠርታ ያቆመችው በአንድ ትውልድ ላብ ነው። ሽማግሌውን በሰው ፊት አፋጠጠቻቸው።

«አንተ ሰውዬ! ልጅቷ ትጠይቃለች፣ አንተ ታስተጋባለህ። ይኸው መሐንዲስ አመጣችሁብን። ሟርት አትጥሩብን!»

«ሟርት አይደለም እቴ፣ ስንጥቅ ነው» አሉ።

«የዚችን ልጅ አፍ ያዝላት፤ ኋላ የሚመጣውን አታውቅም።»

ልጅቷ ከአያቷ ኮት ኋላ ቆማ ሰማች።

እናትየው ነገሩ ስላስፈራት ፋብሪካው አጠገብ፣ ሜዳው ላይ፣ ከጓደኛዋ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ልጅቷንና ሽማግሌ አባቷን አወጣቻቸው። ሽማግሌው ግን ማደሪያቸው እዚያ ይሁን እንጂ በየቀኑ መሣሪያቸውን አንግተው ሽቅብ ይወጡ ነበር። መሬቱ ከመጣ መጀመሪያ የሚይዘው በሮቹን ነው ብለው አሰቡ። ስለዚህ ቤት ለቤት እየዞሩ የሰውን በር ሁሉ ማላላት ጀመሩ። ይልጉታል፣ ማጠፊያውን ያላሉታል፤ በሩና መቃኑ መካከል ጣት እስኪገባ ድረስ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሚስማር ታቀብላቸዋለች። ሰው ሳቀ፤ ነፃ ሥራ ስለሆነ ግን አልከለከለም። «አባ እኔ እንጃ፣ ቤታችንን ወንፊት አደረጉት እኮ! ነፋሱ ብርድ ልብሳችንን ሊወስደው ነው» ይሏቸዋል።

የባለሱቋ በር ብረት ነው። «ይህን ላላላው እንዳትለኝ፤ ሌባ ልታስገባብኝ ነው?» አለቻቸው። ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው በሩን ዘጋችባቸው።

ዝናቡ ገባ፤ ሳያባራ ከረመ። ከሰፈሩ ግርጌ የነበረችው ምንጭ መጀመሪያ ደፈረሰች፣ ቀጥላ እንደ ጡብ ጭቃ ቀላች፣ አንድ ጠዋት ደግሞ ጨርሶ ቆመች። የዚያን ቀን ሰማዩ ተከፍቶ ፀሐይ ወጣ። ሰው ልብሱን አሰጣ። ክፉው አለፈ ተባለ።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ነው፤ ተማሪ የሚለቀቅበት ሰዓት ነበር። ልጅቷ ከትምህርት ቤቱ በር፣ ከሸለቆው ማዶ ቆማለች። አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማች፤ ግን ከሰማይ እስከ ምድር የሚደርስ አቡጀዲ። ቀና ስትል የመብራት ምሰሶዎቹ እጅ እንደሚነሳሱ ሽማግሌዎች አንዱ ለአንዱ ሲያጎነብሱ አየች። ቤቶቹ ወዲያው አልፈረሱም። መጋረጃቸውን እንዳንጠለጠሉ፣ የተሰጣ ልብሳቸውን እንደያዙ፣ ቆመው ቁልቁል መምጣት ጀመሩ።

በሮቹ ተከፈቱ። እሷ ዛሬም የምታስታውሰው ይህን ነው፤ ከየቤቱ ሰው እንደ ጉንዳን ሲፈስ። እናቶች ሕፃናት ታቅፈው፣ አንዱ ሽማግሌ ወንበሩን ይዞ፣ አንዷ ወጥ መቅጃ ጭልፋ በእጇ። የባለሱቋ በር አልተከፈተም።

አያቷን ከብረቱ በር ፊት አየቻቸው። ዲጂኖ ይዘው መቃኑን ይመቱ ነበር። በመስኮቱ ፍርግርግ መካከል አንድ እጅ ወጥቷል። ከማዶ ምንም አይሰማም፤ ግን ኋላ እሳቸው እንደነገሯት ባለሱቋ «ወንድሜ፣ ክፈትልኝ» ትል ነበር። ሰዎች ደርሰው ሲጎትቷቸው ግድግዳው እግራቸው ላይ ተናደ። ባለሱቋንና ሱቁን አፈሩ ይዞ ሄደ። ከሰፈሩ ሌሎችም አልቀዋል፤ ከታች፣ መንገዱ ዳር የነበሩ። በራቸው የላላላቸው ግን ወጡ።

የተረፈው ሰው ትምህርት ቤቱ ክፍሎች ውስጥ ተጠለለ። ሐዘን ሰው ላይ ካላረፈ አይቀልምና፣ የባለሱቋ ልጅ ጥቁሯን ለብሳ ክፍሉ መካከል ቆማ ጣቷን ከእናቷ ጋር ለለቅሶ በመጣችው ልጅ ላይ ቀሰረች። «ይቺ ናት አፏን የከፈተችብን! እናቴ ተናግራ ነበር!» ማንም ዝም በይ አላላትም። በማግስቱ እናቶች ልጆቻቸውን ከልጅቷ አጠገብ ያነሱ ጀመር። በሩ የላላለት ሰው ሳይቀር ሲያያት ፊቱን ያዞራል።

ልጅቷ መጠየቅ አቆመች። ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም። መጽሐፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሽማግሌው እግራቸው በጀሶ ታስሮ ተኝተው ያዩዋታል።

«ይህ ነጭ ነገር ለምን እንደሚደርቅ አትጠይቂኝም?» አሏት አንድ ቀን።

«አልጠይቅም።»

«ለምን?»

«ስጠይቅ ሰው ይሞታል።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ምክር አልሰጧትም።

ክራንች ይዘው መቆም የቻሉ ዕለት ግን ኮታቸውን ለበሱ። እናትየው «አባዬ፣ በፈጠረህ፣ እዚያ ምን ልታደርግ ነው? ልጅቷ ሌሊት ትባንናለች፣ ጭራሽ ልታሳያት ነው?» ብላ በሩ ላይ ቆመች። «ሌላ የሚያድናት አላውቅም» አሉና አለፏት። ልጅቷ እያለቀሰች ተከተለቻቸው።

ተራራው ላይ ቀይ ቁስል ተከፍቶ ነበር። ዝንብ እንኳ የለበትም። ከላይ፣ ቤታቸው ከነበረበት አጠገብ፣ ሰዎች ረጅም ቧንቧ መሬት ውስጥ እያስገቡ አፈር ያወጣሉ። አንገቱን ፀሐይ የጠበሰው የመሬት ባለሙያ እጁን እያወዛወዘ «አባት፣ ይመለሱ! ገና አልቆመም፣ ይንቀሳቀሳል!» አለ።

«አውቃለሁ ልጄ። ይቺ ልጅ አንድ ነገር ማየት አለባት፤ አሳይተኸን እንሄዳለን። ሰዎች እሷ ናት ያመጣችው ይሏታል።»

ሰውየው ልጅቷን አየ። ከዚያ ከቧንቧው የወጣውን አፈር በሳንቃ ላይ ደርድሮ አጠገባቸው ተንበረከከ። ከላይ የምታውቀው ቀይ አፈር ነው። ከሥሩ ግን ከጣት የማይወፍር፣ ሰማያዊ የሚመስል ግራጫ ሸክላ አለ።

«ንኪው» አላት።

ነካችው። እንደ ርጥብ ሳሙና ጣቷን አንሸራተተው።

«ዝናቡ እየሰረገ ወርዶ እዚህ ጋ ይቆማል። አያልፍም። ያን ጊዜ ይህ ሸክላ ያዳልጣል። ላዩ ያለው ሁሉ የተቀመጠው እዚህ ላይ ነው። ከታች እግሩን ቆረጥንበት፤ ተንሸራተተ።» «ቆረጥንበት» ነው ያለው፤ ይህን እትዬ ችካል ደጋግማ ነው የምትነግረኝ።

ሽማግሌው በክራንቻቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉ። «ይህ ነገር አንቺ ከመጠየቅሽ በፊት ነበር ወይስ ከጠየቅሽ በኋላ መጣ?»

«በፊት ነበር» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም።

«ስንት ዘመን ይሆነዋል ልጄ?» ብለው ወደ ባለሙያው ዞሩ።

«ኧረ አባት፣ የሁላችን ቅድመ አያቶች ሳይወለዱ።»

ልጅቷ ጣቷ ላይ የቀረውን ሸክላ ስታይ ቆየችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አያቷ አላባበሏትም፤ እስክትጨርስ ቆሙ። ስትጨርስ ቀና ብላ ከሸለቆው ማዶ ያሉትን ተዳፋቶች፣ ቤት በቤት ላይ የተደረደረባቸውን አየች።

«እነዚያ ውስጥም አለ?» አለች።

ባለሙያው ዓይኗን ተከትሎ አየ። ሊዋሽ አስቦ ነበር መሰለኝ ትላለች፤ አፉን ከፍቶ ዘጋው። «አለ» አለ በመጨረሻ።

ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ በር አልገጠሙም፤ እግራቸው አልፈቀደላቸውም። ሥራቸው እሷ ሆነች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ የተማረችውን አንድ በአንድ ትነግራቸዋለች፤ «እዚህ ጋ አልገባኝም» ይላሉ። ለካ እሷም እንዳልገባት የምታውቀው ስታስረዳቸው ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታም በየእረፍቱ ስትመጣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ድንጋይና ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ታወራላቸው ነበር። የመመረቂያዋ ዓመት ሆስፒታል ገቡ። የመጨረሻ ቀናቸው ላይ ነርሷን ጠርተው፣ «እናቴ፣ ይህ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ውስጡ ምን አለ?» ብለው ሲጠይቁ የልጅ ልጃቸው በሩ ላይ ደረሰች። ነርሷ ጨው፣ ስኳር እያለች ስትዘረዝርላቸው በጽሞና እየሰሙ ነበር።

ለቅሶው ላይ የባለሱቋ ልጅ መጣች። ከልጅቷ አጠገብ ቁጭ አለች፣ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች፣ ቆይታ ተነሥታ ሄደች።

እንግዲህ ያለፈው ዓመት ነገር ይኸው። ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ተዳፋት ላይ ያለ ሰፈር ተላክን። እትዬ ችካል ችካሎቿን በገመድ አሰልፋ ተከለች፣ ከመሬት አፈር አስወጣች፣ ያንኑ ግራጫ ሸክላ አገኘች። ዝናብ ሳይገባ ሰዎቹ እንዲነሱ አስደረገች። አብዛኛው ወጣ፤ ክረምቱን በድንኳን አሳለፈ። ክረምቱ አለፈ። ተራራው አልወረደም።

በጋው ሲገባ ሰዎቹ ተመለሱ። እኛም ሄድን። አንድ አባት ፍራሹን ተሸክሞ ሽቅብ ሲወጣ አግኝቶን ቆመ።

«ልጆቼን ክረምቱን ሙሉ በጭቃ አሳድረሽብኛል። ይወርዳል ያልሽው ተራራ የት አለ?»

«ና ላሳይህ» አለችው።

በገመድ ቀጥ ብለው የተተከሉት ችካሎች አሁን መሃላቸው ከመሬቱ ጋር ወደ ታች ሆዱን ነፍቶ ቀስት ሠርተዋል። ሰውየው አየ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ እኔም አይቻለሁ። ከዚያ ፍራሹን ከትከሻ ትከሻ ቀየረ።

«ሌላ ቤት የለኝም» አለና ወጣ።

ከዚያ ወዲህ መኖሪያ እንዲሰጣቸው ያልረገጠችው ቢሮ የለም። የሚሰማት አለ፣ የሚያሾፍባት አለ፤ የሰፈሩ ልጆችም መኪናችንን ሲያዩ «ችካል መጣች!» እያሉ ይሮጣሉ። ችካሎቹን በየሳምንቱ ትለካለች። ስትመለስ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ መስኮቱን ታያለች እንጂ ቁጥሩን አትነግረኝም።

ባለፈው ሳምንት ስንመለስ ከጋራው ጫፍ ላይ ጥቁር ደመና ተቆልሎ ነበር፤ ከወቅቱ ቀድሞ። ቁልቁለቱን ጀምረን ሳለ «አቁምልኝ» አለች። ወርዳ በእግሯ ወደ ባለፍራሹ ሰውዬ ቤት ተመለሰች፤ ውጡ ልትላቸው መሆኑ ገባኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ጠበቅኳት። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መስታወቱ ላይ አረፉ፤ እሷ ገና አልወጣችም ነበር።